በድንች ማሳ ላይ ቴሌቪዥንን ያሰበው ልጅ
የፋይሎ ፋርንስወርዝ አጭር የሕይወት ታሪክ

በዚህ እትም የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል። ሰውየው ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙን ምናልባት ሰምታችሁት አታውቁ ይሆናል፤ የሐሳቡን ፍሬ ግን በየቀኑ ታያላችሁ። በገበያው ዳር ባለው ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግታችሁ ኳስ ስትመለከቱ፣ ወይም በሩቅ አገር ያለች የአክስታችሁን ሠርግ በስልክ ላይ ስታዩ፣ ከእጃችሁ የገባው ነገር አንድ ገበሬ ልጅ ማሳ ላይ ሆኖ ካሰበው ሐሳብ የተወለደ ነው።

ይህ ልጅ ፋይሎ ፋርንስወርዝ ይባላል። ሐሳቡ ወደ አእምሮው በመጣ ጊዜ ዕድሜው አሥራ አራት ዓመት ብቻ ነበር። ማለትም የብዙዎቻችሁ እኩያ ነበር።

ከታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱ

ፋይሎ በአሜሪካ አገር፣ በዩታ ክፍለ ግዛት፣ ቢቨር ከምትባል ከተማ አጠገብ ኦገስት 19 ቀን 1906 ተወለደ። የተወለደበትም ቤት አያቱ ከግንድ የሠሩት ጎጆ ነበር። ቤተሰቡ የሞርሞን እምነት ተከታይ የሆኑ ገበሬዎች ሲሆኑ፣ የተሻለ ኑሮ ፍለጋ ከቦታ ወደ ቦታ ይዘዋወሩ ነበር። በ1918 ጓዛቸውን ጠቅልለው አይዳሆ በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ ሪግቢ በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ወደሚገኝ የዘመድ እርሻ ተዛወሩ።

በዚያ እርሻ ላይ ለልጁ አዲስ የሆነ ነገር ነበር፤ እሱም ኤሌክትሪክ ነው። እርሻው የራሱ ጄኔሬተር ነበረው። ከጣሪያው ሥር ባለው ክፍል ደግሞ ቀድሞ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ትተዋቸው የሄዱ የሳይንስ መጽሔቶች ተከምረው አገኘ። ፋይሎ እነዚያን አሮጌ መጽሔቶች ደጋግሞ አነበበ። ጄኔሬተሩ ሲበላሽ ጠጋኙ እንዴት እንደሚሠራ ቆሞ ያይ፣ ያልገባውንም ይጠይቅ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ጠጋኝ መጥራት ቀረና ጥገናው የፋይሎ ሥራ ሆነ። ቀጥሎም እናቱ በእጃቸው እያዞሩ ልብስ የሚያጥቡበትን መሣሪያ በኤሌክትሪክ እንዲሠራ አደረገው። ለመኪና የሚሆን፣ ሌባ በቀላሉ የማይከፍተው ቁልፍ አስቦም ከአንድ መጽሔት ሽልማት አገኘ።

ልብ በሉ፤ ይህ ልጅ ቤተ ሙከራ አልነበረውም። የነበሩት አሮጌ መጽሔቶች፣ ቶሎ ቶሎ የሚበላሽ ጄኔሬተርና ሰው የመጠየቅ ድፍረት ነበሩ።

ትልም በትልም

በዚያ ዘመን ሬዲዮ ገና መስፋፋት ጀምሯል። ድምፅን ያለ ሽቦ መላክ ከተቻለ ምስልንም መላክ አይቻልም ወይ የሚለው ጥያቄ የብዙ ሊቃውንትን አእምሮ ይዟል። ፓውል ኒፕኮቭ የተባለ ጀርመናዊ በ1884 አንድ ዘዴ አስቦ ነበር። ቀዳዳዎች የተበሱበት ክብ ሳህን እየተሽከረከረ ምስሉን በቀዳዳዎቹ በኩል ቁርጥራጭ አድርጎ ያሳልፋል። ብዙ ሰዎች ይህን ዘዴ ተከትለው ሲሞክሩ ቆዩ። ፋይሎም ስለዚሁ በመጽሔት አንብቦ አሰላሰለ። ሳህን የቱንም ያህል ቢሽከረከር ጥርት ያለ ምስል ለማውጣት የሚበቃ ፍጥነት አይኖረውም ሲል ደመደመ። የሚያስፈልገው የሚንቀሳቀስ ብረት የሌለበት፣ ክብደቱም ከምንም የማይቆጠር ነገር ነው። ይህም ኤሌክትሮን ነው። ኤሌክትሮን በማግኔት ኃይል ወደፈለጉት አቅጣጫ እጅግ በሚያስደንቅ ፍጥነት ይዞራል።

ነገር ግን ኤሌክትሮን ምስልን እንዴት አድርጎ ይሸከማል? መልሱ የመጣለት በ1921 ነው። ፋይሎ ፈረሶች በሚጎትቱት መሣሪያ የድንች ማሳ ያርስ ነበር። ዞር ብሎ ያረሰውን ሲመለከት ትልሞቹ ጎን ለጎን ተደርድረው አየ።

ወላጆቻችን ይህን ከማንም በተሻለ ይረዱታል። ገበሬ ማሳውን በአንድ ጊዜ አያርስም። ከአንዱ ዳር ተነሥቶ አንድ ትልም ያወጣል። ጫፍ ሲደርስ በሬዎቹን ይመልስና ከጎኑ ሌላ ያወጣል። እንዲህ ትልም በትልም እየሄደ ማሳው በሙሉ ይታረሳል። ፋይሎ ምስልም እንዲሁ ሊታረስ ይችላል ብሎ አሰበ። አንድ ፎቶግራፍ በቀጫጭን መስመሮች ቢከፈል፣ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ በቅደም ተከተል ወደ ኤሌክትሪክ ቢለወጥ፣ ኤሌክትሪኩም እንደ ሬዲዮ ድምፅ በአየር ቢላክ፣ በሌላው ወገን ያለው መሣሪያ ደግሞ እነዚያኑ መስመሮች በቅደም ተከተላቸው መልሶ ቢጽፋቸው ምስሉ እንደገና ይወለዳል። ይህ ሁሉ ዓይን ከሚከተለው በላይ በሆነ ፍጥነት ከተከናወነ፣ ተመልካቹ መስመሮቹን ሳይሆን ሙሉውን ምስል ያያል።

ይህን ጽሑፍ የምታነቡበትን መንገድ አስተውሉ። ገጹን በሙሉ በአንድ ጊዜ አታነቡም። ዓይናችሁ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ መስመር ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ወደሚቀጥለው ይወርዳል። ቴሌቪዥንም ምስልን የሚያነበው በዚሁ ዓይነት ነው።

መምህሩና ወረቀቷ

ፋይሎ በሪግቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲማር ጀስቲን ቶልማን የተባሉ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። ፋይሎ ገና ዝቅተኛ ክፍል ሳለ የትላልቆቹን የኬሚስትሪ ትምህርት ልከታተል ብሎ ጠየቃቸው። መምህሩ ፍላጎቱን አይተው ፈቀዱለት፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭም ጊዜያቸውን ሰጥተው ያስጠኑት ነበር።

በ1922 አንድ ቀን ፋይሎ በክፍሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሥዕል ይሥል ጀመር። መምህር ቶልማን ሲገቡ ሰሌዳው በመስመሮችና በቀመሮች ተሞልቶ አገኙት። ይህ ከኬሚስትሪ ጋር ምን ያገናኘዋል ብለው ሊያስጠፉት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ምን እንደሆነ ጠየቁት። ልጁም ስለ ቴሌቪዥን ያሰበውን ሁሉ ዘርዝሮ አስረዳቸው። ያልገባቸውን ደጋግመው ጠየቁት፤ እሱም መለሰላቸው። ከዚያም ከማስታወሻ ደብተሩ አንድ ገጽ ቀድዶ የመሣሪያውን ንድፍ ሣለና ሰጣቸው።

መምህሩ ያችን ወረቀት አልጣሏትም። አስቀመጧት። ለምን ይህን እንደምነግራችሁ ወደ በኋላ ትረዱታላችሁ።

ትምህርቱ እንደተቋረጠ ቀረ

ቤተሰቡ እንደገና ተነሥቶ በዩታ ወደምትገኘው ፕሮቮ ከተማ ተዛወረ። ፋይሎም እዚያው ትምህርቱን ቀጠለ። ነገር ግን በ1924 መጀመሪያ አባቱ በሳንባ ምች ሞቱ። ፋይሎ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እናቱንና ታናናሾቹን የመርዳት ኃላፊነት በትከሻው ላይ ወደቀ። ለአጭር ጊዜ ባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገብቶ ተመለሰ። ከዚያ ሬዲዮ መጠገንን ጨምሮ ያገኘውን ሥራ ሁሉ ሠራ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ግን ሳይጨርስ ቀረ።

ይህን ክፍል ስጽፍ ብዙዎቻችንን አስቤ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ትምህርቱን በመካከል ያቋረጠ ነው። ትምህርት መቋረጡ ጉዳት መሆኑን የሚክድ የለም። ፋይሎም ያጣውን ነገር ያውቅ ስለነበር መጽሐፍ ማንበቡንና የሚያውቁ ሰዎችን መጠየቁን አላቆመም።

በሶልት ሌክ ሲቲ ሥራ ሲፈልግ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ከሚያሰባስቡ ሁለት ሰዎች፣ ከጆርጅ ኤቨርሰንና ከሌስሊ ጎሬል ጋር ተዋወቀ። አንድ ቀን ሐሳቡን ሲነግራቸው በነገሩ ተማረኩና 6,000 ዶላር ሊያወጡለት ተስማሙ። በዚያው በ1926 በሜይ ወር ፋይሎ ፔም በሚል ቅጽል ስም የምትጠራውን ኤልማ ጋርድነርን አገባ። ሙሽሮቹ ወዲያውኑ ወደ ካሊፎርኒያ ሄዱ።

በሎስ አንጀለስ ከተማ የመጀመሪያው ቤተ ሙከራቸው የሚኖሩበት ቤት ነበር። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ አልኮል መጠጥ በሕግ ተከልክሎ ነበር። በቤቱ ውስጥ የመስታወት ቱቦና ሽቦ እየበዛ ሲሄድ፣ መጋረጃውም ሁልጊዜ ተዘግቶ ሲታይ፣ አረቄ ያወጣሉ ተብሎ ፖሊስ መጥቶ እንደፈተሻቸው ፔም በኋላ ተርካለች። ፖሊሶቹ ያገኙት ግን ምን እንደሆነ ያልገባቸውን ዕቃ ነው።

የመጀመሪያዋ መስመር

ቀጥሎ የሳን ፍራንሲስኮ የባንክ ሰዎች ገንዘብ ሰጡትና በዚያች ከተማ ግሪን ስትሪት በሚባል ጎዳና አነስተኛ ቤተ ሙከራ ከፈተ። ሥራው የቤተሰብ ሥራ ነበር። ፔም ንድፍ መሣልና ብረት መበየድ ተማረች። ወንድሟ ክሊፍ ጋርድነር ደግሞ መስታወት በእሳት አቅልጦ መንፋት ተምሮ፣ ማንም ሠርቶት የማያውቀውን ቱቦ በእጁ ሠራ። ጃንዋሪ 7 ቀን 1927 ፋይሎ የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ በተለምዶ ፓተንት የሚባለውን፣ ለማግኘት ማመልከቻ አስገባ።

ሴፕቴምበር 7 ቀን 1927 ትልቁ ቀን ደረሰ። ክሊፍ በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ መስመር የተሠመረበት መስታወት በካሜራው ቱቦ ፊት አቆመ። ፋይሎ፣ ፔምና ኤቨርሰን በሌላው ክፍል ትንሿን መስኮት ከበው ቆሙ። በመስኮቱ ላይ አንዲት መስመር ታየች። ክሊፍ መስታወቱን ሲያዞር እዚህም ያለችው መስመር አብራ ዞረች። ከዚያች መስመር በቀር የታየ ነገር አልነበረም። ሆኖም ግን የሚሽከረከር ሳህን በካሜራውም ሆነ በመመልከቻው በሌለበት፣ በኤሌክትሮን ብቻ ምስል ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ተላለፈ። ፋይሎ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር።

ገንዘብ የሰጡት ሰዎች ከዚህ መሣሪያ ዶላር የሚታየን መቼ ነው እያሉ ይወተውቱት ስለነበር፣ በ1928 የዶላር ምልክት በመስኮቱ ላይ አሳያቸው። በ1929 ደግሞ የባለቤቱ የፔም ፊት ታየ። ካሜራው እጅግ ብዙ ብርሃን ይፈልግ ስለነበር በምስሉ ላይ ዓይኗን ጨፍናለች።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸራርፍ መናገር ተገቢ ነው። ቴሌቪዥን የአንድ ሰው ብቻ ፈጠራ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጆን ሎጂ ቤርድ በሚሽከረከረው ሳህን ዘዴ በጃንዋሪ 1926 በለንደን የሰው ፊት አሳይቷል። በጃፓን አገር ኬንጂሮ ታካያናጊ የተባለ መምህር በዚያው ዓመት መጨረሻ አንድ የጃፓን ፊደል በኤሌክትሮን ቱቦ ላይ አሳይቷል፤ ካሜራው ግን የሳህኑን ዘዴ የሚከተል ነበር። የፋርንስወርዝ ድርሻ በሁለቱም ጫፍ ሳህኑን አስወግዶ ሥራውን በሙሉ ለኤሌክትሮን መስጠቱ ነው።

ክርክሩ

በዚያ ዘመን የአሜሪካንን የሬዲዮ ሥራ በእጁ የያዘው አር.ሲ.ኤ. የተባለው ትልቅ ኩባንያ ነበር። ኃላፊው ዴቪድ ሳርኖፍ ይባላል። ዋናው የቴሌቪዥን መሐንዲሱ ደግሞ ቭላዲሚር ዝቮሪኪን ነበር። ስለ ሁለቱ ሰዎች ብታውቁ ደስ የሚላችሁ ነገር አለ፤ ሁለቱም ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። ሳርኖፍ በዘጠኝ ዓመቱ ከሩሲያ ግዛት መጥቶ በኒው ዮርክ ጎዳናዎች ጋዜጣ እየሸጠ ያደገ ነው። ዝቮሪኪን ደግሞ በሩሲያ አብዮትና የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው ነው። ስለዚህ ይህ የጥሩ ሰውና የክፉ ሰው ታሪክ አይደለም። ሁሉም የደከሙበትን ነገር የያዙ ሰዎች ነበሩ።

ዝቮሪኪን በ1930 ወደ ፋርንስወርዝ ቤተ ሙከራ መጥቶ ሥራውን ጎበኘ። በ1931 ሳርኖፍ ራሱ መጣ። ቀጥሎም ኩባንያው 100,000 ዶላር እንክፈልህና ሥራህን አስረክበን አለው። ፋርንስወርዝ እምቢ አለ፤ የፈለገው ፈጠራው የሱ ሆኖ ሌሎች እየከፈሉ እንዲጠቀሙበት ነበር።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ክርክር ገባ። ፋርንስወርዝ ፓተንቱን በ1930 አግኝቷል። ዝቮሪኪን ግን ያመለከተው በ1923 ስለሆነ ቀዳሚው እሱ ነው ሲል አር.ሲ.ኤ. ተከራከረ። ፋርንስወርዝ ሐሳቡን ያገኘው በልጅነቱ መሆኑን ሲናገር፣ አንድ የገበሬ ልጅ በአሥራ አራት ዓመቱ ይህን አሰበ ቢባል ማን ያምናል? ጠበቆቹ መምህር ቶልማንን ፈልገው አገኟቸው። መምህሩም ቀርበው ያ ተማሪ በ1922 በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያስረዳቸውን ነገር መሰከሩ። ያችን ከደብተር የተቀደደች ገጽም አወጡ። ወረቀቷ ከአሥር ዓመት በላይ ተቀምጣ ነበር።

በመጨረሻም የፓተንት መሥሪያ ቤቱ ለፋርንስወርዝ ፈረደ። ይግባኝ ቢባልም ውሳኔው ጸና። በእርግጥ ፍርዱ በወረቀቷ ብቻ አልተሰጠም። ዋናው ነገር የዝቮሪኪን የ1923 ማመልከቻ በክርክሩ የተነሣውን መሣሪያ የሚገልጽ ሆኖ አለመገኘቱ ነው። ቢሆንም መምህሩና ወረቀታቸው ባይኖሩ ኖሮ የልጁ ታሪክ ከራሱና ከቤተሰቡ ቃል በቀር ምስክር አይኖረውም ነበር። በ1934 በኦገስት ወር ፋርንስወርዝ በፊላደልፊያ ከተማ በፍራንክሊን ኢንስቲትዩት መሣሪያውን ለሕዝብ አሳየ። ሰው እየከፈለ ገብቶ ተመለከተ። በ1939ም አር.ሲ.ኤ. በፓተንቶቹ ለመጠቀም አንድ ሚሊዮን ዶላር ሊከፍለው ተስማማ።

ከድል በኋላ

ታሪኩን እዚህ ላይ ብናበቃው ደስ ባለን ነበር። ሕይወቱ ግን በዚህ አላበቃም። በ1932 ትንሽ ልጁ በጉሮሮ በሽታ ሞቶበት ሐዘኑ ከልቡ አልወጣም። ክርክሩና ድካሙ ጤናውን ጎዱት፤ ለመጠጥም ተጋለጠ። የዓለም ጦርነት መጣና በአሜሪካ የቴሌቪዥን ምርት በ1942 ቆመ። ጦርነቱ አልቆ ሕዝቡ ቴሌቪዥን መግዛት ሲጀምር፣ በ1947 ዋና ዋናዎቹ ፓተንቶች ጊዜያቸው አበቃ። በዚያው ዓመት ቤቱ በእሳት ተቃጠለ። በ1949 ኩባንያው ለሌላ ትልቅ ኩባንያ ተሸጠ።

በ1957 አንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ እንግዳ ሆኖ ቀረበ። ጠያቂዎቹ ይህ ሰው የሚደብቀው ምስጢር ምን እንደሆነ መገመት ነበረባቸው። ማናቸውም አላወቁም። በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥንን ማን እንደፈጠረው የሚያውቅ ጠፋ። የተሰጠው ሽልማትም 80 ዶላርና አንድ ካርቶን ሲጋራ ነበር።

ፋርንስወርዝ ቴሌቪዥን ሕዝቦችን ያስተዋውቃል፣ ሰው የሌላውን አኗኗር ካየ ጠብ ይቀንሳል ብሎ ተስፋ ያደርግ ነበር። በኋላ የሚታየውን ነገር ሲመለከት ግን አዘነ፤ በቤቱም ቴሌቪዥን እምብዛም አይከፈትም ነበር። ጁላይ 20 ቀን 1969 ከፔም ጋር ተቀምጦ ሰው ጨረቃን ሲረግጥ በቴሌቪዥን አየ። ያን ቀን ድካሙ ሁሉ ከንቱ እንዳልነበረ እንደነገራት ባለቤቱ መስክራለች። ማርች 11 ቀን 1971 በስድሳ አራት ዓመቱ በዩታ ዐረፈ። ካረፈ በኋላ በ1990 ሐውልቱ በዋሽንግተን በአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ ቆመለት።

ከቴሌቪዥን እስከ ቪዲዮ

ፋርንስወርዝ ምስልን መላክ አስቻለ እንጂ ማስቀመጥ ገና ነበር። በ1956 አምፔክስ የተባለ ኩባንያ መሐንዲሶች፣ በቻርለስ ጊንስበርግ መሪነት፣ ምስልን በማግኔት ክር ላይ የሚቀርጽ መሣሪያ አሳዩ። መሣሪያው እንደ ቁም ሣጥን የገዘፈ ሲሆን ሊገዙት የቻሉት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ነበሩ። በ1976 ጄ.ቪ.ሲ. የተባለው የጃፓን ኩባንያ ቪ.ኤች.ኤስ. የሚባለውን ካሴት ለገበያ አቀረበ፤ ቪዲዮም ወደየሰው ቤት ገባ። ወላጆቻችን የሠርግና የክርስትና ካሴት ከዘመድ ወደ ዘመድ ሲዞር ያስታውሳሉ። ዛሬ ካሴቱ ቀርቶ ሁሉም ነገር በስልክ ሆኗል። ሆኖም የስልካችሁ ካሜራም ቢሆን ምስሉን የሚያነበው መስመር በመስመር ነው። ትልሙ አሁንም አለ።

ወደ እኛም አገር ቴሌቪዥን የገባው በ1964፣ በእኛ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ነው። ፋርንስወርዝ ተስፋ ያደረገው ነገር አንድ ጊዜ በእኛው ላይ ታይቷል ማለት ይቻላል። በኦክቶበር 1984 ሞሐመድ አሚን የተባለ ኬንያዊ የካሜራ ባለሙያ በኮረም መጠለያ የነበረውን ረሃብ ቀረጸ። ምስሉ በቢ.ቢ.ሲ. ከታየ በኋላ በብዙ አገሮች ተዛመተ፤ የማያውቁን ሰዎችም እጃቸውን ዘረጉ። ረሃቡ ግን ከካሜራው በፊት ብዙ ወራት ቆይቶ ነበር። መሣሪያው ሰው ያላሳየውን አያሳይም።

ስለዚህ ቪዲዮ ቤት መሄድ ኃጢአት ነው አልልም። እኔም እሄዳለሁ። ነገር ግን በትምህርት ሰዓት እዚያ የምትቀመጡ ልጆች፣ የምታዩትን ነገር ያሰበው ልጅ ራሱ በዚያ ዕድሜው የት ተቀምጦ እንደነበር አስቡ።

የእኔ ጥፋት

አሁን ስለ ወረቀቷ ለምን አጥብቄ እንደጻፍኩ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ አንድ ሥዕል ይዛ መጣች። ውኃ የሞላ ጄሪካን ጀርባ ላይ ሳይሸከሙ በአሸዋ ላይ የሚገፉበት ጋሪ ነበር። መንኮራኩሩን ከምን እንደምትሠራው፣ ለምን ሰፊ መሆን እንዳለበት በጎኑ ጽፋበታለች። እኔ የተሰጠሽን ሒሳብ ሥሪ፣ ይህን በኋላ አየዋለሁ ብዬ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። ከሳምንት በኋላ ትዝ ሲለኝ ብፈልገው፣ በጀርባው የስም ዝርዝር ተጽፎበት ተጥሏል። ስሟን ስጠራ ደግሞ ቤተሰቧ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረዋል ተባልኩ። ጋሪው ይሠራ ወይም አይሠራ ይሆናል። ያን ለማወቅ ግን አንድ ጥያቄ እንኳን አልጠየቅኋትም። መምህር ቶልማን ሊያደርጉት ይችሉ የነበረውን ጥፋት እኔ አድርጌዋለሁ።

ስለዚህ ከዚህ ወር ጀምሮ በመምህራን ክፍል አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ተቀምጧል። አንድ ነገር ያሰበ ተማሪ ሐሳቡን በወረቀት ይሣል፤ ስሙንና ቀኑን ይጻፍበት። ቀኑን አትርሱ። ወረቀቱን ሲያመጣ ከመምህራን አንዱ ቁጭ ብሎ ይጠይቀዋል፤ ከዚያ ወረቀቱ ሣጥኑ ውስጥ ይቀመጣል። አብዛኛው ሐሳብ ላይሠራ ይችላል። ገንዘብም አናስገኝላችሁም። ፋርንስወርዝ እንኳን ፈርዶለት ሀብታም ሆኖ አልሞተም። የምንገባላችሁ ቃል ወረቀታችሁ እንደማይጣል ብቻ ነው። ቤተሰባችሁ ከዚህ የሚነሣበት ቀን ሲመጣ ደግሞ መጥታችሁ ትወስዱታላችሁ።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ እናንተንም የምንለምነው ነገር አለ። ያለቀ ደብተር እሳት ለማያያዝና ቆሎ ለመጠቅለል እንደሚጠቅም እናውቃለን፤ ወረቀት እዚህ ውድ ነው። ከመቅደዳችሁ በፊት ግን ልጁን ወይም ልጅቱን ጠርታችሁ በውስጡ የሚቀመጥ ነገር እንዳለ ጠይቁ። አንብቡ ብለን አናስቸግራችሁም፤ ማንበብ የማይችልም ወላጅ መጠየቅ ይችላል።

ለሚቀጥለው እትም በሰላም ያድርሰን። ቸር እንሰንብት።